የደጋ ፍጥነት፣ የቆላ ፍጥነት

ስለ ርካሽ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተሮች፣ ማለትም ሁሉ ነገራቸው በአንዲት ትንሽ ሰሌዳ ላይ ስለተሠሩ ኮምፒውተሮች፣ የሚወጡ የፍጥነት ሰንጠረዦችን ሳነብ ሁልጊዜ የምፈልገው፣ ግን ከስንት አንዴ ካልሆነ የማላገኘው መረጃ አለ። የቦርዱ ስም፣ የፕሮሰሰሩ ዓይነት፣ የኮሩ (ስሌቱን የሚሠራው የፕሮሰሰር ክፍል) ብዛት፣ የራሙ መጠንና ዋጋው በዶላር ተዘርዝሮ በመጨረሻ ውጤቱ ይቀመጣል። ቦርዱ ሲለካ ክፍሉ ስንት ዲግሪ እንደነበረ፣ ኃይሉን ያቀበለው ቻርጀርና ገመድ የቱ እንደሆነ፣ ፈተናው ለስንት ደቂቃ እንደቆየ ግን አይነገርም። በቀዝቃዛ ክፍል፣ በጥሩ ቻርጀር የተለካ ቁጥር ጋምቤላ ውስጥ ለሚሠራ መሣሪያም የተጻፈ ይመስል ይነበባል። ይህ ያናድደኛል። በእነዚህ ቁጥሮች ተማምነው፣ በስንት ልመና የተገኘ የትምህርት ቤት ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎችን ስለማውቅ ነው የሚያናድደኝ።

የእኔ ሥራ ኢንተርኔት ለሌላቸው ወይም ኢንተርኔታቸው ለማይዘልቅ ትምህርት ቤቶች ትንንሽ ሰርቨሮችን ማዘጋጀት ነው። ኪዊክስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን፣ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቶችን፣ መጻሕፍትን በአንድ ዲስክ ላይ እጭናለሁ፤ ተማሪዎች በስልካቸው ወይም በኮምፒውተር ክፍላቸው በኩል በዋይፋይ ገብተው ያነባሉ። ለዚህ ሥራ ትልቅ ሰርቨር መግዛት አይቻልም፤ ቢቻልም የሰፈሩ መብራት አይችለውም። ስለዚህ የኤቲኤም ካርድ የሚያህሉት እነዚህ ቦርዶች ለእኔ የመዝናኛ ዕቃዎች አይደሉም። የትኛው ከየትኛው ይበልጣል የሚለው ጥያቄም የወሬ ማሟሻ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ቦርዶቹ ጥቂት ልበል። በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ የተነደፈው የመጀመሪያው ራስፕቤሪ ፓይ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2012 ሲወጣ አንድ ኮር ብቻ ነበረው፤ ፍሪኩዌንሲው (በሰከንድ የሚመታው የሥራ ምት) 700 ሜጋኸርዝ፣ ራሙ 256 ሜጋባይት፣ ዋጋው 35 ዶላር ነበር። በ2016 የወጣው ፓይ 3 ኮርቴክስ ኤ53 የተባሉ አራት ኮሮች ይዞ በ1.2 ጊጋኸርዝ ሠራ። በ2019 ፓይ 4 በኤ72 ኮሮችና በ1.5 ጊጋኸርዝ መጣ። በ2023 ደግሞ ፓይ 5 በኤ76 ኮሮችና በ2.4 ጊጋኸርዝ ተከተለ። ከጎናቸው ከሼንዘን የሚመጣው ኦሬንጅ ፓይ፣ ከደቡብ ኮሪያ የሚመጣው ኦድሮይድና ሌሎች ብዙ ስሞች ተሰልፈዋል።

ብዙ ገዢ የሚመለከተው የኮር ብዛትንና ጊጋኸርዝን ነው። ሁለቱም ብቻቸውን ብዙ አይናገሩም። በ2018 የወጣው የፓይ 3 ማሻሻያ በ1.4 ጊጋኸርዝ ይሠራል፤ የመጀመሪያው ፓይ 4 በ1.5። በወረቀት ላይ ልዩነታቸው ኢምንት ነው፤ በሥራ ላይ ግን ፓይ 4 እጥፍ ያህል ይሠራል። ኤ53 ትእዛዞችን በመጡበት ተራ ነው የሚፈጽመው፤ አንዱ ትእዛዝ ከራም የሚመጣ ቁጥር ሲጠብቅ ከኋላው ያለው ሁሉ አብሮ ይቆማል። ኤ72ና ኤ76 ግን የሚጠብቀውን ትተው ዝግጁ የሆነውን ያስቀድማሉ። ስምንት ኮር ተብለው የሚሸጡ ቦርዶችም ስምንቱ እኩል አይደሉም። ኦሬንጅ ፓይ 5 ላይ ያለው የሮክቺፕ ፕሮሰሰር አራት ትልልቅ ኤ76 ኮሮችና አራት ትንንሽ ኤ55 ኮሮች አሉት። አንድ ተማሪ አንድ ገጽ ሲከፍት ሥራው በአብዛኛው የሚያርፈው በአንድ ኮር ላይ ነውና የሌሎቹ መብዛት ለእርሱ ለብቻው የሚጨምርለት ነገር የለም፤ ጥቅሙ የሚታየው ክፍሉ ሙሉ አብሮ ሲገባ ነው።

ቀጥሎ የመለኪያ ፕሮግራሞቹ አሉ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ሰው የሚሳሳተው በብዛት እዚህ ነው። ሲስቤንች የሚባል ፕሮግራም አለ። የፕሮሰሰር ፈተናው ሌላ ቁጥር የማያካፍላቸውን ቁጥሮች ይፈልጋል፤ ሥራው በሙሉ ማካፈል ነው ማለት ይቻላል። ይህ ማካፈል ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም፣ ሲስተሙ፣ 64 ቢት ሲሆን (በአንዴ ትልልቅ ቁጥር ሲይዝ) በአንድ ትእዛዝ ይፈጸማል፤ በ32 ቢት ሲስተም ላይ ግን ረጅም የትእዛዝ ሰንሰለት ይጠይቃል። ውጤቱ አንድ ዓይነት ቦርድ፣ አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር፣ በሁለቱ ሲስተሞች መካከል ከአሥር እጥፍ በላይ ልዩነት ያሳያል። የራስፕቤሪ ፓይ ይፋዊ የ64 ቢት ሲስተም ከሙከራ ደረጃ የወጣው በ2022 መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በ32 ቢት የሚሠራን ፓይ 3 በ64 ቢት ከሚሠራና ያንኑ ኤ53 ኮር ከያዘ ሌላ ቦርድ ጋር በዚህ ፕሮግራም አወዳድሮ አንዱን አሥር እጥፍ ፈጣን ማለት የተለመደ ነበር። በሁለቱ ውስጥ የነበረው ኮር አንድ ነው።

ከዚህም የባሰ ነበር። በ2016 ኦድሮይድ ሲ2 ሲወጣ ፕሮሰሰሩ በ2 ጊጋኸርዝ እንደሚሠራ ተነግሮለት ነበር፤ ሲስተሙን፣ ሊኑክስን፣ ስትጠይቁትም 2 ጊጋኸርዝ ብሎ ይመልሳል። ተጠቃሚዎች ግን የሥራውን ጊዜ በእጃቸው ሲለኩ ሒሳቡ አልገጥም አላቸው። ጉዳዩ ሲጣራ ከቺፑ አምራች የመጣው ዝግ ፕሮግራም ትክክለኛውን ፍሪኩዌንሲ ይደብቅ ነበር፤ እውነተኛው ጣሪያ 1.5 ጊጋኸርዝ ነበር። ቦርዱን የሠራው ሃርድከርነል መግለጫውን አስተካከለ፤ ያንን አከብርለታለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ኮምፒውተር ስለ ራሱ የሚናገረውን ብቻ ይዤ አላወዳድርም። የታወቀ ሥራ ሰጥቶ የፈጀውን ጊዜ መለካት ይሻላል፤ ኤስቢሲ ቤንች የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህንኑ ያደርጋል። ፕሮሰሰሩ እሠራበታለሁ ያለውን ፍሪኩዌንሲ በእርግጥ ከሠራበት ጋር ያስተያያል፤ በፈተናው መካከል ሙቀት ወይም የቮልቴጅ ማነስ ፍጥነቱን ጎትቶት እንደሆነም ይናገራል።

እኔ ለመነሻ የማምነው ሰቨን ዚፕ የተባለውን የፋይል መጠቅለያ ፕሮግራም ፈተና ነው። ፋይል ቦታ እንዳይፈጅ መጠቅለልና መልሶ መፍታት ከፕሮሰሰሩም ከራሙም ጋር የተያያዘ እውነተኛ ሥራ ስለሆነ ለሰርቨር ሕይወት ይቀርባል። በዚህ ፈተና ፓይ 4 ከ5,500 እስከ 6,000 ነጥብ፣ ፓይ 5 ወደ 11 ሺህ፣ የሮክቺፑ ኦሬንጅ ፓይ 5 ደግሞ ወደ 16 ሺህ ያስመዘግባሉ። እነዚህ ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ ቦርዶቹ በደንብ ቀዝቅዘው፣ በደንብ ተመግበው ሲለኩ።

ቀዝቅዘውና ተመግበው የሚሉትን ሁለት ቃላት አደራ ልብ በሉልኝ።

ባለፈው ጊዜ አንድ የቆላ ከተማ ትምህርት ቤት ሌሎች ሰዎች የተከሉትን ሰርቨር እንዳይ ተጠራሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በሥራቸው የሚኮሩ፣ ስለ ኮምፒውተር ተምሬአለሁ የማይሉ ሴት ናቸው። ችግሩ ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ጠዋት ደህና ነው፤ ከምሳ በኋላ ግን ይደክመዋል» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ የምርመራ ውጤት ከማንም ባለሙያ ሰምቼ አላውቅም። ቦርዱ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ክፍል ውስጥ፣ ቀዳዳ በሌለው የፕላስቲክ ሳጥን ታሽጎ፣ ከመደርደሪያ አናት ላይ ተቀምጧል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ገጾች ቶሎ ይከፈታሉ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ያው ገጽ እየተጎተተ ይመጣል።

የሆነው ይህ ነው። ፓይ 4 የፕሮሰሰሩ ሙቀት ወደ 80 ዲግሪ ሲደርስ ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል፤ 85 ላይ አጥብቆ ይቀንሳል። በፓይ 3 ማሻሻያ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ቅነሳ 60 ዲግሪ ላይ ነው። ቺፑ ከዙሪያው አየር በላይ ስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ የሚወስኑት የሚበላው ዋትና ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ናቸው፤ ሁለቱ ካልተለወጡ ልዩነቱም በአመዛኙ አይለወጥም። ለምሳሌ አንድ ቦርድ ሥራ ሲበዛበት ከክፍሉ አየር 42 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ከሆነ፣ 20 ዲግሪ በሆነ የአዲስ አበባ ክፍል 62 ላይ ይረጋል፤ ምንም ሳይጎድልበት ሙሉ ፍጥነቱን ይሰጣል። ያንኑ ቦርድ 42 ዲግሪ ወደሆነ ክፍል ውሰዱት፤ 84 ይደርሳል። ቦርዱም ቻርጀሩም ፕሮግራሙም አልተለወጡም። የተለወጠው ከፍታው ነው፤ ፍጥነቱ ግን አሁን የሌላ፣ የርካሽ ቦርድ ፍጥነት ሆኗል። የደጋ ውጤት ለቆላ አይሆንም።

ከፍታ ራሱም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ስለሆነ ያው ፋን በዚያው ዙር ቢዞርም የሚያቀዘቅዘው በመጠኑ ያነሰ ነው። ደጋው ብርድ ስለሆነ ይህ አይጎዳንም፤ ቅዝቃዜው የአየሩን መሳሳት አሸንፎ ይተርፋል። ሰመራና ጋምቤላ በ500 ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ስለሆኑ አየራቸው ወፈር ያለ ነው፤ ያ ትንሽ ጥቅም ግን 40 ዲግሪውን ሊያካክስ አይችልም። በዚያ ላይ አቧራው አለ። ፋን በቆላ አልወድም። በጥቂት ወራት ክንፎቹ አቧራ ይለብሳሉ፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ከዚያ ይቆማል፤ የቆመ ፋን ደግሞ ሙቀቱን ከመያዝ በቀር የሚሠራው የለም። ሙሉ ገላው አሉሚኒየም የሆነና ፕሮሰሰሩን የሚነካ ሳጥን ይሻለኛል። የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፣ የሚያረጅም ነገር የለውም፤ በጨርቅ ተወልውሎ ይቀጥላል።

ስለዚህ ፈተና ሳካሂድ የአምስት ደቂቃ ውጤት አልቀበልም። አሥር ሺህ ሜትርን በመጀመሪያው ዙር ሰዓት መፍረድ ነውና። ቦርዱን በሙሉ ጭነት ለአንድ ሰዓት አቆየዋለሁ፤ የምጽፈው ቁጥር የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ነው፤ ከጎኑም የክፍሉን ሙቀት። ይህን ስታደርጉ የሰንጠረዡ መልክ ይለወጣል። ሙሉ ጭነት ላይ 10 ዋትና ከዚያ በላይ የሚበላው ፓይ 5 ያለ ማቀዝቀዣ ቢቀመጥ ፍጥነቱ ይወድቃል። ጥሩ የማቀዝቀዣ ሳጥን የለበሰ ፓይ 4 ከጎኑ ይቆምና ልዩነቱን ያጠባል። ፓይ 5 የተሻለ ቺፕ መሆኑን አልክድም፤ የሚጠይቀውን እስከሰጣችሁት ድረስ ነው የተሻለው።

ሁለተኛው ነገር መመገብ ነው። እነዚህ ቦርዶች የሚሠሩት በ5 ቮልት ነው፤ 5 ቮልት ደግሞ ለስህተት ቦታ የለውም። የራስፕቤሪ ፓይ ቦርዶች የገባው ቮልቴጅ ከ4.63 ሲወርድ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይመዘግባሉ፤ ፍጥነታቸውንም ሊቀንሱ ይችላሉ። አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። ከገበያ በርካሽ የሚገዛ ቀጭን የቻርጀር ገመድ ደርሶ መልሱ 0.2 ኦም ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) ቢኖረው፣ ቦርዱ 3 አምፔር ሲስብ በገመዱ ላይ ብቻ 0.6 ቮልት ይጠፋል። 5.1 ቮልት ከሚሰጥ ጥሩ ቻርጀር ቢነሳ እንኳ ቦርዱ ጋ የሚደርሰው 4.5 ነው። ይህ ማለት ትንሽ ብር የተቆጠበበት ገመድ ብዙ ሺህ ብር የወጣበትን ቦርድ አሰረው ማለት ነው። ከዚህም የከፋው፣ ቮልቴጁ ዝቅ ያለው ዲስኩ በሚጽፍበት ቅጽበት ከሆነ ፋይል ይበላሻል። ፓይ 5 ደግሞ በ5 ቮልት 5 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለው የስልክ ቻርጀር በገበያ ብዙ አይገኝም። ባለ 3 አምፔሩን ከሰጣችሁት ይነሳል፣ ይሠራል፤ ግን በዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ የሚያወጣውን ኃይል ከ1.6 አምፔር ወደ 0.6 ይገድበዋል። በዚያ ቀዳዳ ላይ ኤስኤስዲ የተባለውን ፈጣን ዲስክ የሰካ ሰው ዲስኩ ለምን እየጠፋ እንደሚመለስ ሲጨነቅ ይከርማል።

የቮልቴጅ ታሪኩን ቦርዱ ራሱ ይይዛል። በራስፕቤሪ ፓይ ላይ አንድ ትእዛዝ ሲሰጥ ቦርዱ ከተነሳ ጀምሮ ቮልቴጁ አንሶ እንደሆነ፣ ፍጥነቱም ተቀንሶ እንደሆነ በኮድ ይመልሳል። ማንኛውም ሰው የፍጥነት ውጤት ሲያሳየኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ኮድ ነው። ዜሮ ካልሆነ ስለ ቦርዱ አንነጋገርም፤ ስለ ገመዱ ነው የምንነጋገረው።

የሶላሩ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ልቤ ውስጥ ያለ ነው። መብራት የሚጠፋበት ወይም ጨርሶ ያልገባበት ትምህርት ቤት አንድ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ አለው እንበል። ሲሞላ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን መጠቀም ያለብን ግማሹን፣ 600 ዋት ሰዓቱን ነው። ፓይ 4 ከነዲስኩ በአማካይ 5 ዋት ቢበላ በቀን 120 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ፀሐይ ባትወጣ አምስት ቀን ያቆየናል። ኤን100 የተባለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር የያዘ ትንሽ ኮምፒውተር ፍጥነቱ ከፓይ 5ም ይበልጣል፣ ዋጋውም ከነሳጥኑና ከነዲስኩ ሲታሰብ ብዙ አይርቅም። በአማካይ 10 ዋት ቢበላ ግን የሚያቆየን ሁለት ቀን ተኩል ነው። 60 ዋት የሚበላ አሮጌ ዴስክቶፕ ደግሞ አሥር ሰዓት። በሐምሌ ደመናው ሳይከፈት ሦስትና አራት ቀን በሚቆይበት አገር ይህ ልዩነት ከማንኛውም የፈተና ነጥብ ይበልጥብኛል። የጠፋ ሰርቨር ፍጥነቱ ዜሮ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ ብዙ የሚበላ ሁሉ አባካኝ አይደለም። ሥራውን ፓይ 5 በ8 ዋት በአንድ ሰዓት ቢጨርስና ፓይ 4 በ6 ዋት ሁለት ሰዓት ቢፈጅበት፣ የመጀመሪያው የበላው 8 ዋት ሰዓት፣ ሁለተኛው 12 ነው። ቪዲዮ ለሚያዘጋጅ ወይም ፋይል ቀንና ሌሊት ለሚጠቀልል ሰው ፈጣኑ ቺፕ ቆጣቢው ነው። የቤተ መጻሕፍት ሰርቨር ግን እንዲህ አይሠራም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ተማሪ እስኪመጣ በመጠበቅ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ፣ ቅዳሜና እሑድን ሙሉ ይጠብቃል። ስለዚህ ወሳኙ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ የሚበላው ነው። በዚህ መለኪያ በ2021 በ15 ዶላር የወጣው ፓይ ዜሮ 2 ደብልዩ ሥራ ሲፈታ ከአንድ ዋት በታች ስለሚበላ ያስደንቀኛል። ራሙ 512 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ለሙሉ ክፍል አይበቃም እንጂ፣ ለአንድ የጤና ኬላ ወይም ለጥቂት አንባቢዎች በትንሽ የሶላር ሰሌዳ የሚኖር ቤተ መጻሕፍት ይሆናል።

ስለ ሜሞሪ ካርድ ረጅም አልጽፍም። ካርዱ ላይ ያለውን ምልክት አንብቡ። ኤ1 የሚል ካርድ በተበታተነ ንባብ በሰከንድ ቢያንስ 1,500 ጊዜ፣ በተበታተነ ጽሑፍ 500 ጊዜ እንዲመልስ ይጠበቃል፤ ምልክት የሌለው ካርድ ምንም ቃል አልገባም። አስመስለው የተሠሩ ካርዶች በገበያው ሞልተዋልና ከመጫን በፊት ሙሉ ካርዱን ጽፎ መልሶ ማንበብ ግዴታ ነው። ፓይ 4 ላይ የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ስላለ ትንሽ ኤስኤስዲ ማያያዝ ፕሮሰሰር ከመለወጥ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ከትምህርት ቤቱ ሥራ አንጻር ማነቆው የት እንደሆነ ስፈልግ ያገኘሁት ነገር ደግሞ በየትኛውም የቦርድ ሰንጠረዥ ላይ አይገኝም። በፓይ ቦርዶች ላይ ያለው ዋይፋይ ለአንድ ቤት የታሰበ ነው፤ ከአሥር ስልክ ወዲያ ሲገናኝበት ይጨነቃል። ሃምሳ ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ፓይ 4ን በፓይ 5 ብትተኩት ልጆቹ ለውጡን አያዩትም። ለክፍል የሚሆን የዋይፋይ ማሠራጫ በኔትወርክ ገመድ ብታገናኙለት ግን ያው ፓይ 4 ይበቃል፤ የኔትወርክ ቀዳዳው ሙሉ ጊጋቢት ስለሆነ ይችለዋል። አሮጌው የፓይ 3 ማሻሻያ ላይ ግን ኔትወርኩ በዩኤስቢ 2 በኩል ስለሚያልፍ 300 ሜጋቢት ገደማ ላይ ይቆማል፤ ለንባብ ይበቃል፣ ለብዙ ቪዲዮ አይበቃም።

ሌላው ያስደሰተኝ ነገር ከሶፍትዌር የመጣ ነው። ኪዊክስ ገጾቹን ጠቅልሎ የሚያስቀምጥባቸው ፋይሎች ቀድሞ በኤክስዜድ ዘዴ ይጠቀለሉ ነበር፤ ኋላ ወደ ዜድስታንዳርድ ተዛወሩ። አዲሱ ዘዴ በመፍታት ረገድ በብዙ እጥፍ የፈጠነ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ሲከፈት የሚደረገው ሥራ መፍታት ስለሆነ፣ ፋይሎቹን በአዲሶቹ የተካ ሰው አንድ ብር ሳያወጣ አሮጌ ቦርዱን አድሷል። ፓይ 3 የያዙ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አዲስ ቦርድ ከመለመናቸው በፊት ይህንን እንዲያደርጉ እለምናቸዋለሁ።

ምስጠራ (መረጃን ሌላ ሰው እንዳያነበው መቆለፍ) የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ የተለየ ሰንጠረዥ ያስፈልገዋል። ፓይ 3ና ፓይ 4 ላይ ለምስጠራ የተዘጋጁት የፕሮሰሰር ትእዛዞች የሉም፤ ስለዚህ ኤኢኤስ በሚባለው ምስጠራ በአንድ ኮር በሰከንድ በአሥር የሚቆጠሩ ሜጋባይቶችን ብቻ ይሠራሉ። ፓይ 5 እነዚያ ትእዛዞች ስላሉት ከጊጋባይት በላይ ይሄዳል። በዋጋ ከፓይ 4 በታች ያሉ፣ ደካማውን ኤ53 የያዙ ሌሎች ቦርዶች እንኳ ትእዛዞቹ ስላሏቸው በዚህ አንድ ሥራ ፓይ 4ን ጥለውት ያልፋሉ። የተማሪዎችን ውጤትና የግል መረጃ በተመሠጠረ ዲስክ ላይ ለሚያስቀምጥ ትምህርት ቤት ይህ ተራ ዝርዝር አይደለም።

ኦሬንጅ ፓይ 5ን ለምን እንደማልመርጥ የሚጠይቁኝ አሉ። በነጥብ ያሸንፋል፤ ቺፑ በጣም ጥሩ ነው። የሚያሳስበኝ ከአምስት ዓመት በኋላ ማን እንደሚያድሰው ነው። እንደዚህ ያሉ ቦርዶች በአብዛኛው የሚወጡት የቺፕ አምራቹ ራሱ ከለዋወጠው አሮጌ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ጋር ነው፤ ለውጡ ወደ ዋናው ሊኑክስ እስኪገባ ዓመታት ይፈጃል። አርምቢያን የተባለው ቡድን ይህንን ክፍተት ለመሙላት የሚያደርገው ሥራ ክብር ይገባዋል። በሌላ በኩል በ2012 የተሸጠው የመጀመሪያው ፓይ ዛሬም አዲስ ሲስተም ይጫንበታል። ፍጥነቱ ለዛሬ ሥራ አይሆንም፤ ግን አልተጣለም። እኔ የምተክለውን ሰርቨር ከእኔ በኋላ የሚያድሰው አንድ የአይሲቲ መምህር ነው፤ ሲቸግረው የሚያነበው መመሪያ መኖር አለበት፣ የሚጠይቀው ሰው መኖር አለበት። የመምህሩ ጊዜም በፍጥነቱ ሒሳብ ውስጥ መግባት ያለበት ይመስለኛል።

ዋጋም አለ። በወረቀት ላይ ፓይ 5 ባለ 8 ጊጋባይቱ ሲወጣ 80 ዶላር ነበር፤ ቻርጀሩ፣ ማቀዝቀዣው፣ ዲስኩና ሳጥኑ ሲጨመሩ ግን ቁጥሩ ሌላ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ያው ዶላር በእጥፍ የሚበልጥ ብር ሆኗል። ብዙዎቹ ቦርዶች ወደ እኛ የሚመጡት ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ነው፤ ሲበላሹ የሚመለሱበት ሱቅ የለም። ስለዚህ አንድ ፈጣን ቦርድ ከምገዛ ሁለት መካከለኛ ቦርዶች ገዝቼ አንዱን ከነዲስክ ቅጂው በመሳቢያ አስቀምጣለሁ። ዋናው ሲሞት መምህሩ ገመዶቹን ነቅሎ ወደ ሁለተኛው ይሰካል፤ ትምህርቱ የሚቋረጠው ለደቂቃዎች ብቻ ነው።

ለዚያ የቆላ ትምህርት ቤት ያደረግሁት እንዲህ ነው። ቦርዱን አልለወጥኩትም፤ ያው ፓይ 4 ነው። ከፕላስቲኩ አውጥቼ በአሉሚኒየም ሳጥን ውስጥ አስገባሁት፤ ከመደርደሪያው አናት ወደ ታች፣ ፀሐይ ወደማይመታው ግድግዳ አወረድኩት፤ ገመዱን አጭርና ወፍራም በሆነ ተካሁ። ከዚያ የፍሪኩዌንሲውን ጣሪያ ከ1.5 ወደ 1.2 ጊጋኸርዝ ዝቅ አደረግሁት። ፍሪኩዌንሲ ሲወርድ ቮልቴጅም አብሮ ስለሚወርድ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ በበለጠ ይቀንሳል፤ ሙቀቱም እንዲሁ። በሰንጠረዥ ላይ ቢወጣ ይህ ሰርቨር ከታች የሚሰለፍ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቆርቆሮው እየፈላ፣ ልጆቹ አብረው ሲገቡበት ለካሁት፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ውጤት ጋር የሚለይ አልነበረም። ኃላፊዋም ለዋይፋይ ማሠራጫው የሚሆን ሁለተኛ ሶኬት እንዲገባላቸው ለርእሰ መምህሩ ደብዳቤ እየጻፉ ነው።